ብርሃኑ ከግቢው አልወጣም

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ደብረ ታቦር ላይ ካፊያ ነበር። የሬዲዮ ጣቢያችን ከከተማው ከፍ ብሎ፣ ከባሕር ዛፉ መሃል ያለ ቆርቆሮ ቤት ነው። ዋና አዘጋጁ አቶ ፈንታ በር ላይ ተቀበሉኝና ለጀማሪ ሪፖርተር የተመደበውን ወንበር አሳዩኝ። አንድ እግሩ አጭር ነበር። "ቀጥ ብለህ ከተቀመጥክበት አያናጋህም" አሉኝ።

ረፋዱ ላይ ከጉና ተራራ ሥር በረዶ ወርዶ የአገሩን ገብስ አጠፋው የሚል ወሬ መጣ። ጻፍኩና ይዤላቸው ገባሁ። አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ።

"ማን አየ?"

"ሰው ሁሉ እያወራው ነው።"

"ማውራቱንማ እኔም ሰማሁ። ማን አየ?"

ወረቀቱን መለሱልኝ። በማግስቱ ወደ ጉና ወጣሁ። ገብሱ እውነትም ተመትቷል፤ የተመታው ግን በአንድ ሸንተረር በኩል ያለው ብቻ ነበር። ማዶ ያለው ማሳ እንደ ቆመ ነው። ይህንኑ ጽፌ ስመለስ አቶ ፈንታ ሁለተኛውን የቤቱን ደንብ ነገሩኝ። ማንኛውም ጽሑፍ አየር ላይ ከመዋሉ በፊት ለእትዬ ዘነቡ ይነበብላታል።

እትዬ ዘነቡ የጣቢያችን ሻይ ቤት ባለቤት ነበረች። ስናነብላት ብርጭቆ ታጥባለች፣ ሽንኩርት ትልጣለች፣ ስኳር ትሰፍራለች። አስተያየት እንድትሰጠን አንጠይቃትም። የምናየው እጇን ነው። እጇ ሥራውን ከቀጠለ ነገሩ ገብቷታል። እጇ ከቆመ እዚያች ቃል ላይ እናሰምርና እንደገና እንጽፋለን። የመጀመሪያው የበረዶ ዜናዬ ሲነበብላት እጇ አልቆመም። "ማዶኛዎቹ እግዜር ወዷቸው ነው" አለችና ሻይ ቀዳችልኝ።

ከጀማሪነት ወደ ሪፖርተርነት፣ ከዚያም ወደ ከፍተኛ ሪፖርተርነት ያደግሁት እነዚህን ሁለት ነገሮች ይዤ ነው። ማን አየ፣ እና የዘነቡ እጅ።

የቀረውን ያስተማረኝ መንገዱ ነው። ጉና ላይ ብርዱ ባትሪ ይገድላል፤ ስለዚህ ባትሪ በብብት ይያዛል። ነፋሱ ደግሞ ማይክሮፎን ውስጥ ገብቶ ያገሳል። መፍትሔው ከምታነጋግረው ሰው ጋር አንድ ጋቢ ሥር መግባት ነው። አንድ ጊዜ ስለ በግ በሽታ ከአንድ ሽማግሌ ጋር እንዲህ ተከናንበን ስንነጋገር ሚስታቸው ከቤት ብቅ አሉና "ምነው፣ ሁለታችሁንም ልዳራችሁ?" አሉን። ሳቁ በካሴቱ ላይ ቀርቷል። አቶ ፈንታ እንዲቆረጥ አልፈቀዱም።

ስለ ማስተካከያ ግን የተጻፈ ደንብ አልነበረንም። ልማድ ነው የነበረን። ስህተት ሲገኝ በዜናው ማብቂያ፣ ከአየር ጠባዩ በፊት፣ በሁለት መስመር በፍጥነት ይነበባል። ሌሎች ጣቢያዎችም እንደዚያው ያደርጉ ነበር። ለብዙ ዓመታት ምንም አልመሰለኝም።

አቶ ፈንታ ጡረታ ወጡ። በቦታቸው አቶ አስናቀ ተተካ። በዕድሜ ከእኔ ያንሳል፤ ሥራ ያውቃል፣ ሰው ያከብራል። የፕሮግራም አዘጋጅ አድርጎ ሲሾመኝ የሳይንሱን ፕሮግራም ሰጠኝ። "ጋሽ ጌታሁን፣ ስለ ድንች በሽታ ከሚያወሩት አንዳንዴ ደግሞ ወደ ላይ ቀና ይበሉ" አለኝ። ቀና ብዬ ያገኘሁት ዶክተር ስመኝን ነው።

ስመኝ ከጉና ሥር ተወልዳ ያደገች የፊዚክስ መምህርት ናት። አባቷን መሪጌታ ጥበቡን ሰዉ ሁሉ የኔታ እያለ ይጠራቸዋል፤ በደብራቸው ንባብና ዜማ ያስተምራሉ። በከተማው ዩኒቨርሲቲ ያለው ቢሮዋ አንድ መስኮትና አንድ ትልቅ ጥቁር ሰሌዳ ነበረው። የመጀመሪያ ዕለት ስገባ ጣቶቿ በጠመኔ ነጭ ሆነው ነበር። ወንበሩን በክርኗ ገፍታ "ይቀመጡ" አለችኝ።

ሥራዋን እንድታስረዳኝ ጠየቅኳት። አስረዳችኝ።

"አንድ ትልቅ ኮከብ ነዳጁን ሲጨርስ የራሱን ክብደት መሸከም ያቅተዋል። ስበቱ ወደ ውስጥ ይደረምሰዋል። በጣም ከባድ ከሆነ መጨረሻው ጥቁር ጉድጓድ ነው፤ ብርሃን እንኳ አይወጣበትም። እዚያ ውስጥ ሁሉ ነገር የሚጨመቅበት፣ የእኛ ስሌት ከዚያ ወዲያ የማይሠራበት ነጥብ አለ። ጥቁር ጉድጓዱ ያንን ነጥብ ከድኖ ይይዘዋል። እኔ የምጠይቀው፣ ሳይከደን የሚቀርበት ጊዜ ይኖራል ወይ ነው።"

"ኮከቡ ሳይከደን?"

"ኮከብ አይደለም የማሰላው። እኔና እርስዎ ከተሠራንበት የተለየ እንግዳ ቁስ ነው። ግፊቱ የተገላቢጦሽ ነው። እንዲህ ያለ ቁስ ደመና ሆኖ ሲደረመስ ክዳኑ ይዘገያል። ከዘገየ ደግሞ ብርሃን ከነጥቡ ተነስቶ ሊያመልጥ ይችላል። በስሌቴ አምልጧል።"

እኔም የለመድኩትን ጠየቅኩ። "ማን አየ?"

ሳቀች። "ማንም አላየም። ቁሱንም በእጁ የያዘ የለም። ስሌቱ አይከለክለውም፤ ያ ብቻ ነው።"

"እንግዲያ 'ማንም ያላየው' የሚለው በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይግባ።"

"ይግባ እንጂ! ያለዚያ አላነብም።"

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ተግባባን።

አንድ ችግር ቀረን። ባለሙያዎቹ ያንን ያልተሸፈነ ነጥብ እርቃኑን የቀረ ነው የሚሉት። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበር። ስመኝ እርሳሷን እያሽከረከረች "አባዬም እኮ ያዳምጣል" አለች። "ያልተከደነ" በሚለው ተስማማን።

ጽሑፉን ለእትዬ ዘነቡ አነበብኩላት። ሽንኩርት እየላጠች ነበር። "እኩልታ" ስል ቢላዋው ቆመ፤ "ስሌት" በሚል ቀየርኩት። ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው አልቆመችም። ስጨርስ "ድስት ነው በሉኛ" አለች። "ክዳን አለው የለውም ነው ጠባችሁ።" ከዚያ የተሻለ ማጠቃለያ አልነበረኝም፤ አስፈቅጃት በፕሮግራሙ ውስጥ አስገባሁት።

ፕሮግራሙ በስመኝ ድምፅ ተላለፈ። በሥራ ዘመኔ ሰው እንደዚያ የተቀባበለው ዝግጅት አላስታውስም። አንበሳሜ ገበያ ላይ አንድ ገበሬ ክንዴን ይዞ አቆመኝ።

"ያንን ጉድጓድ የት በኩል ነው የሚያስቆፍሩት?"

"አይቆፈርም። ከፀሐይ ወዲያ በጣም የራቀ ነገር ነው።"

"ከብት አይገባበትም?"

"አይገባበትም።"

"ደግ" አለና ለቀቀኝ።

የስመኝ አገር ሰዎች ግን ከዚያ አለፉ። ከወንዛቸው የወጣች ልጅ በሬዲዮ ብርሃን ከየት እንደሚያመልጥ ለዓለም ነገረች። የኔታ ቅዳሴ ሲወጣ በደጀ ሰላሙ ቆመው ይህንኑ ለሰዉ ነገሩ። ሽማግሌዎቹ መከሩ፤ በደብሩ ዓመታዊ ንግሥ ዕለት በሕዝብ ፊት እንዲመርቋትና በጉና በግ ጠጉር የተሸመነ በርኖስ እንዲያለብሷት ወሰኑ። ለሸማኔ ተሰጠ።

ንግሡ እየቀረበ ሳለ አንድ ጠዋት ስልኬ ጮኸ።

"ጋሽ ጌታሁን፣ ተሳስቻለሁ።"

ወዲያው ሄድኩ። ሰሌዳው ከዳር እስከ ዳር ተጽፎበታል፤ ታችኛው ጥግ ላይ አንድ መስመር ተከቦ ነበር። ለተማሪዎቿ ማብራሪያ ስታዘጋጅ ስሌቱን ከመጀመሪያው ጀምራ እንደገና ሠርታው እንደነበር ነገረችኝ።

"ብርሃኑ ከነጥቡ ይነሳል። እስከዚያ ልክ ነኝ። መነሳቱን አየሁና ወጣ አልኩ። ግን ደመናው እኮ ገና ከላዩ አለ። ብርሃኑ ዳር ሳይደርስ ውጭኛው ንብርብር ቀድሞ ይዘጋበታል። ተመልሶ ይወድቃል።"

"ቆይ" አልኳት፤ የምጽፍበት እጄ እንደ ዘነቡ ቆሞ ነበር። "ወጥቷል ወይስ አልወጣም?"

ትንሽ አሰበች። "ከቤቱ ወጥቷል። ከግቢው አልወጣም። እኔ የቤቱን በር ብቻ ነው ያየሁት። ከአጥር ውጭ ለቆመ ሰው ያው ጥቁር ጉድጓድ ነው፤ ቢያንስ እኔ ባሰላኋቸው ሁኔታዎች ሁሉ።"

"ማን አገኘው?"

"እኔ። ሌላ ያየው የለም። ለመጽሔት ልኬው የነበረውን ጽሑፍ ትናንት አስመልሻለሁ፤ እሱ ቀላል ነው። የቀረው እርስዎ ጋ ያለው ነው።" ጠመኔውን አስቀመጠች። "በርኖሱ አልቋል አሉ። አባዬ ሕዝብ ፊት አቁሞኝ ሊናገር ነው። ያልሆነ ነገር ሲናገር ዝም ብዬ መቆም አልችልም። ማረሙንም… እሱን ማሳፈር ነው የምፈራው።"

ይህን ይዤ አቶ አስናቀ ቢሮ ገባሁ። አዳምጦ ጨረሰና ወንበሩ ላይ ተደገፈ።

"ጋሽ ጌታሁን፣ ጉና ላይ ማን ነው ይሄን የሚያመሳክረው?"

"ማንም።"

"እንግዲያ ንግሡ ይለፍ። ከዚያ በዜናው ማብቂያ ሁለት መስመር እናነባለን። እንደ ልማዳችን።"

"ሁለት መስመር ላይ ቤትና ግቢ አይገባም። ሰዉ የሰማው ሙሉ ፕሮግራም ነው። በሁለት መስመር የሚሰማው ልጅቷ ዋሸች የሚል ብቻ ይሆናል። ንግሡ ካለፈ ደግሞ አውቀን አስሸለምናት ማለት ነው።"

ጣቶቹን ጠረጴዛው ላይ አንኳኳ። "የደብሩ ሰዎች ጣቢያው አዋረደን ቢሉስ?"

"ሊሉ ይችላሉ።"

ማንኳኳቱን ተወ። በመጨረሻ "አንድ ነገር" አለኝ። "የኔታ ይሄን ከሬዲዮ መስማት የለባቸውም። መጀመሪያ ልጃቸው ትንገራቸው፤ እርስዎም አብረው ይሂዱ። ከዚያ የፈለጉትን ሰዓት እሰጥዎታለሁ።"

ትክክል ነበር። እስከ ዛሬ ለዚያች ምክሩ አመሰግነዋለሁ።

ከንግሡ በፊት ባለው እሑድ ወጣን። መኪናው መንገዱ የሚያልቅበት ድረስ አደረሰን፤ የቀረውን በእግራችን ሄድን። ዳገቱ መሃል ላይ ስመኝ ቆም አለችና "አባቴ ስሌት አይወድም ብለው ነው?" አለችኝ። "ባሕረ ሐሳብ ያስተምራል እኮ። በዓላቱን በቃሉ ነው የሚያወጣው።" ከዚያ ዳገቱን መውጣት ቀጠለች።

ቅዳሴው ላይ ደረስን። ነጠላችንን አደግድገን በየወገናችን ቆምን። የጳውሎስን መልእክት የሚያነበው ጎልማሳ ዲያቆን ድምፁ የሚያምር ሰው ነበር። እያነበበ ሳለ አንድ ቃል ሳተ። ወዲያው ከመሪጌቶቹ መካከል የየኔታ ድምፅ ተሰማ፤ ትክክለኛውን ንባብ ጮክ ብለው ሰጡት። ዲያቆኑ ተመልሶ ቃሉን አረመ፤ ግን በሹክሹክታ፣ ለራሱ ብቻ እንደሚያነብ ሰው አሳንሶ ነበር።

የኔታ እንደገና አሰሙት። አሁንም ያው ቃል ነው፤ ድምፃቸው ግን ከፊተኛው ከፍ ብሏል። ዲያቆኑ ገባው። ከቃሉ በፊት ካለው ጀምሮ፣ በመጀመሪያ በነበረው ሙሉ ድምፁ መልሶ አነበበ። ንባቡ ቀጠለ። ዞር ብሎ ያየው ሰው አልነበረም።

ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው የኖርኩት ነገር ነው። ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሁሉ ያውቀዋል። ከሥራዬ ጋር አገናኝቼው ግን አላውቅም ነበር።

ቅዳሴው አልቆ የኔታ ግቢ ገባን። እሳቸው ደጃፉ ላይ ባለው ድንጋይ ጭራቸውን ይዘው ተቀመጡ። ስመኝ ከፊታቸው ቆመች። አጭር አድርጋ ነገረቻቸው። ብርሃኑ ከቤቱ ወጥቷል፣ ከግቢው አልወጣም፣ ስህተቱ የእኔ ነው አለች።

ጭራው በየኔታ እጅ ላይ ቆመ።

"እኔ ለሰዉ ሁሉ ነግሬያለሁ" አሉ።

"አውቃለሁ አባዬ።"

"በደጀ ሰላም ቆሜ።"

"አውቃለሁ።"

ወደ እኔ ዞሩ። "አንተ ጌታሁን፣ ይሄን ነገር ሌላ ሰው አግኝቶባት ነው?"

"የለም የኔታ። ራሷ ናት ያገኘችው። አንቱ ከሬዲዮ እንዳይሰሙት ብለን ነው የመጣን።"

ወደ እሷ ተመለሱ። "ብትተዪውስ?"

"አንድ ቀን የሆነ ሰው ያገኘው ነበር። ባያገኘውም ስህተት ነው።"

"ታዲያ እኔን ምን ልታስፈቅጂ መጣሽ?"

"እንዳታፍርብኝ ብዬ ነው።"

"አፍሬያለሁማ!" አሉ፤ ድምፃቸው ቆጣ አለ። ስመኝ መሬት መሬቱን አየች። የኔታ ጭራውን አንድ ጊዜ ወዘወዙ። "ዛሬ ያ ዲያቆንም አፍሯል። ስንት ዓመት ያስተማርኩት ነው። ማፈሩ ግን ንባቡን አያስቀርለትም። የተሳሳተው የት እንደሆነ ታውቂዋለሽ?"

"አውቀዋለሁ።"

"ከዚያ በፊት ካለው ጀምረሽ መልሺው። አንድ ነገር ብቻ፤ ድምፅሽን እንዳታሳንሺ። ተማሪ የታረመውን ሲመልስ ድምፁን ይቀብራል። ያኔ የሰማው ሁሉ የሚይዘው የፊተኛውን ነው፣ ስህተቱን።"

ተነሱ። "እኔም በተናገርኩበት ቦታ መልሼ እናገራለሁ" አሉና ምሳ እንድንበላ ወደ ቤት ገቡ። ምሳው ላይ ስለ ድንችና ስለ ውርጭ ነበር ያወራነው። ስመኝ ሁለት ጊዜ አስጨመረች።

በዚያው ሳምንት፣ ንግሡ ሳይደርስ ማስተካከያውን ሠራን። በመጀመሪያው ፕሮግራም ቀንና ሰዓት፣ በዚያው ርዝመት፣ በእሷው ድምፅ። አስቀድሜ ለእትዬ ዘነቡ አነበብኩላት። ብርጭቆ እያጠበች ነበር፤ እጇ አንድም ጊዜ አልቆመም። "እንዲያውም አሁን ነው የገባኝ" አለች። "ያኔስ እንዴት አመለጠ እያልኩ ነበር፤ ዝም ያልኩት ድስቱን ስለወደዳችሁልኝ ነው።"

ስቱዲዮ ውስጥ ስመኝ ጆሮ ማዳመጫውን አጠለቀች። ከመስታወቱ ወዲህ ሆኜ እጄን ከፍ አደረግሁ፤ ድምፅሽን ማለቴ ነው። ራሷን ነቀነቀች። "ባለፈው ብርሃኑ ያመልጣል ብዬ ነግሬያችሁ ነበር፤ ተሳስቻለሁ" ብላ ጀመረች። በሰሌዳው ፊት ስታስተምር በምትጠቀምበት ድምፅ ነበር።

ንግሡ ዕለት ታቦቱ ቆሞ፣ ሕዝቡ ሜዳውን ሞልቶ ሳለ የኔታ ተነሱ። ቀድሞ የተናገሩትን ደገሙት፤ ከዚያ የተሳሳተው የቱ እንደሆነ ጠቁመው አረሙት። ያጉረመረሙ ነበሩ። አንድ ሰው "ታዲያ በርኖሱ ለምን ሊሆን ነው?" ሲል ሰማሁት። ሥራውን ያዘዙት ሽማግሌ በርኖሱን በክንዳቸው ይዘው ነበር። ወደ ስመኝ ተጠግተው ትከሻዋ ላይ ጣሉት።

"ነጥቡ ተከደነም አልተከደነም፣ ጉና ላይ ብርዱ ያው ነው። ልበሺው።"

ሜዳው ሳቀ። ካጉረመረሙት አንዱ ሲመለስ መንገድ ላይ ደረሰብንና "ዶክተር፣ ያንን መብራት ግቢ ውስጥ አስቀረሽው አሉ?" አላት። "አዎ፣ በሩ ቀድሞ ተዘግቶበት" አለችው። "እኛም በጎቹን እንደዚያው ነው የምናደርገው" አለና አለፈ።

ስመኝ ጽሑፏን በታረመው መልኩ እንደገና ልካ ታትሞላታል። ብርሃኑ ከግቢውም የሚወጣበት ሌላ ሁኔታ ይኖር እንደሆነ ዛሬም ትሠራበታለች። እስካሁን አላገኘሁም ትላለች። ስትጠየቅ ይህንኑ ነው የምትመልሰው።

እኔ ጡረታ ከመውጣቴ በፊት አቶ አስናቀ የጣቢያውን የሥራ መመሪያ እንዳዘጋጅ አዘዘኝ። ማስተካከያን የሚመለከተው አንቀጽ አጭር ነው፤ ያስተማሩኝ አቶ ፈንታ፣ እትዬ ዘነቡ፣ ስመኝና የኔታ ናቸው፣ እኔ ጻፍኩት እንጂ። እንዲህ ይላል። ማስተካከያ ስህተቱ በተላለፈበት ሰዓት፣ በዚያው ርዝመትና በዚያው ድምፅ ይነበባል።